ምዕራፍ ሰባት፦ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ቤተ ሙከራው

በ1973 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገቢሳ ኤጀታ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ገና የተመረቁ ወጣት ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከነበሩት ከጆን አክስቴል ጋር ተዋወቁ። አክስቴልን ያሳሰባቸው ማሽላ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ነበር፤ ላይሲን ከወትሮው በርከት ብሎ የተገኘባቸው ዝርያዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ማሽላዎች ናቸው። ወጣቱ ገቢሳ ከየአካባቢው የማሽላ ዘር በማሰባሰቡ ሥራ አገዟቸው። አክስቴልም ሥራቸውን አይተው በፐርዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪያቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው። ገቢሳ በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሽልማቱ ተብሎ ነው። ዶክትሬት ለሚፈልግ ሰው ግን ቁም ነገሩ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄውን ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ አብሮ የተሠራ ሥራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራቂዎቻችን በተገላቢጦሽ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አገር ይመርጣሉ፤ ቀጥለው ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣሉ፤ ከዚያ «ስኮላርሺፕ» የሚል ነገር ያፈላልጋሉ፤ ስለ ጥያቄው ማሰብ የሚጀምሩት ፎርሙ ላይ «የምርምር ፍላጎት» የሚለው ባዶ ቦታ ሲያፈጥባቸው ነው። በኬሚስትሪ ይህ አካሄድ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ደጅ ያስቀራል፤ ምክንያቱም ከሙያው አመጣጥ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1824 ዩስቱስ ሊቢግ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በጀርመኗ ጊሰን ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። እስከዚያ ድረስ ኬሚስትሪ በአመዛኙ ከመድረክ የሚነገር፣ ተማሪውም ከሩቅ የሚመለከተው ትምህርት ነበር። ሊቢግ ተማሪዎቹን ቤተ ሙከራ አስገብቶ ገና መልስ ያልተገኘላቸውን ጥያቄዎች አከፋፈላቸው። ከብዙ የአውሮፓ አገሮችና ከባሕር ማዶ ሳይቀር ወጣቶች ወደዚያች ትንሽ ከተማ ጎረፉ፤ የሳባቸውም ሊቢግና ቤተ ሙከራው ነበሩ። አሜሪካ የመጀመሪያውን ፒኤችዲ የሰጠችው በ1861፣ በዬል ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ጥሩ ኬሚስት መሆን የሚፈልግ አሜሪካዊ ወደ ጀርመን ይሻገር ነበር። በየዩኒቨርሲቲያችን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች ላይ ስሙ የማይጠፋው ኢርቪንግ ላንግሙየር እንኳ ዶክትሬቱን በ1906 የያዘው ጎቲንገን ሄዶ፣ በቫልተር ኔርንስት ሥር ሠርቶ ነው።

የኬሚስትሪ ዶክትሬት እስከ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ጎን ተቀምጦ ሽመና እንደ መማር ነው፤ የሚማሩት አጠገብ ያለው ሰው የሚያውቀውን፣ በዚያ ሰው ዕቃ፣ በዚያ ሰው ክር ነው። «ክፍት ቦታ» የሚባለውም አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጭስና ጋዝ የሚስብ ሳጥን፣ በመሣሪያው ላይ የሚሰጥ ሰዓትና ከአንድ የምርምር ድጎማ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ድጎማው ከሌለ አመልካቹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቦታው የለም። ይህን የማያውቅ ተመራቂ ብዙ ደብዳቤ ልኮ መልስ ሲያጣ ድክመቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል፤ የጻፈለት ፕሮፌሰር ግን ምናልባት በዚያ ዓመት ለአንድም ሰው የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም።

አቀባበሉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ነገር ግን ሁለት ዋና በሮች አሉ።

የአሜሪካው በር የዲፓርትመንቱ ነው። ማመልከቻዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጉት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ጊዜ አካባቢ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ነው። ማስተርስ መያዝ በአብዛኛው ግዴታ አይደለም። የተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ ለኑሮው ይከፈለዋል። መጀመሪያ ላይ የዲግሪ ተማሪዎችን የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ፣ በኋላ ደግሞ ከአማካሪው የምርምር ገንዘብ ይከፈለዋል። አማካሪውን የሚመርጠው ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው። ስለዚህ አንድ ዝነኛ ፕሮፌሰር ብቻ አይቶ ማመልከት አይገባም። የወደዱት ፕሮፌሰር በዚያ ዓመት ተማሪ ላይወስድ ይችላልና ዲፓርትመንቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የሚወደዱ የምርምር ቡድኖች መኖር አለባቸው። የማመልከቻ ክፍያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ 75 ዶላርም ከ100 ዶላር በላይም ይሆናል፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ ረዳት መምህር ትልቅ ገንዘብ ነው። ብዙ ዲፓርትመንቶች ግን በኢሜይል በትሕትና ለጠየቃቸው ክፍያውን ያነሳሉ። ጂአርኢ የተባለውንም ፈተና ብዙዎቹ የኬሚስትሪ ክፍሎች ትተውታል፤ ለፈተናው ገንዘብ ከማውጣት በፊት የእያንዳንዱን መስፈርት ማየት ይገባል። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት የምርምር ገንዘብ በመናጋቱ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን የዶክትሬት ተማሪ ቁጥር ቀንሰዋል፤ ተስፋን በሙሉ አሜሪካ ላይ መጣል ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አደገኛ ነው።

የአውሮፓው በር የሥራ በር ነው። በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ነው። ውል ይፈርማል፣ ግብር ይከፍላል፣ የእረፍት ቀን አለው። በስዊድን ቦታዎቹ በይፋ መውጣት አለባቸው፤ ትምህርቱ የ4 ዓመት ሙሉ ሥራ ሲሆን እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የማስተማር ሥራ ከተጨመረበት ወደ 5 ዓመት ይዘልቃል። በኔዘርላንድስ ውሉ የ4 ዓመት ነው፤ ደመወዙ በዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ስምምነት ተወስኖ በመጀመሪያው ዓመት ከግብር በፊት በወር 3,000 ዩሮ ገደማ ነው። ጀርመን ላይ ማስታወቂያው ስር «ኢ13» የሚል የደመወዝ እርከን ይጻፋል፤ አጠገቡ ያለው መቶኛ ግን ከእርከኑ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። 50 በመቶ ማለት ግማሽ ደመወዝ ነው፤ በኬሚስትሪ 50 ወይም 67 በመቶ የተለመደ ነው፤ ሥራው ግን ሙሉ ቀን ነው። በእነዚህ አገሮች ማስተርስ በተግባር ግዴታ መሆኑን ቢኤስሲ ብቻ ያላቸው ልጆች ቀድመው ቢያውቁ ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል።

ማስታወቂያዎቹ የሚገኙበትን ቦታ በአጭሩ ልጥቀስ። ለመላው አውሮፓ ዩራክሰስ፣ ለኔዘርላንድስ አካዴሚክ ትራንስፈር፣ ለኖርዌይ ጆብኖርጌ፣ ለብሪታንያ ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬና ፋይንድ ኤ ፒኤችዲ፣ ለጀርመን የዳአድ የፒኤችዲ መፈለጊያ እና የማክስ ፕላንክ ማኅበር ዓለም አቀፍ የምርምር ትምህርት ቤቶች አሉ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሠሩት የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች የየትኛውንም አገር ዜጋ ይቀበላሉ፤ አንድ የማይታለፍ ሕግ ግን አላቸው። አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ መሆን የለበትም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ለሚያመለክት ሰው ይህ ሕግ ጥቅም ነው፤ በዚያው አገር ማስተርሱን የጨረሰውን ተወዳዳሪ ያስቀርለታል። ብሪታንያ ላይ ደግሞ በመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች ከሚከፈሉ ቦታዎች ለውጭ ዜጎች የሚሰጡት እስከ 30 በመቶ ብቻ ናቸው፤ «ለአገር ውስጥ ተማሪዎች» የሚለውን ሐረግ ሳያዩ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው።

ይህን ሁሉ ማንም ጠይቆ ይደርስበታል። ጥቂቶች ብቻ የሚያደርጉት ግን ከማንበብ ተነስቶ ቦታ መፈለግ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገርም እሱ ነው።

አንዲት ከሐዋሳ የተመረቀች ልጅ እናስብ። የማስተርስ ሥራዋ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ስለ ማስወገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ውሃው ከዚያ በላይ የያዘበት ጊዜ ብዙ እንደ ነበር ይመሰክራል። ልጅቷ ጎግል ስኮላር ላይ ገብታ «ፍሎራይድ» ብትል የምታገኛቸው ጽሑፎች በአብዛኛው ከሕንድ፣ ከቻይናና ከምሥራቅ አፍሪካ ናቸው። ችግሩ ያለባቸው አገሮች ስለሆኑ ይህ አያስገርምም። አውሮፓ ውስጥ በፍሎራይድ ብቻ የሚሠራ ቡድን ስታጣ «የእኔን መስክ የሚፈልግ የለም» ብላ ትደመድማለች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ግን ሌላ ነገር ይታያታል። በእጇ የሠራችው አድሶርፕሽን ነው። የሟሟ ነገር በጠጣር ገጽ ላይ ሲያዝ መለካት፣ የላንግሙየርንና የፍሮይንድሊክን እኩልታ ከመረጃው ጋር ማመሳከር፣ ፒኤች ሲቀየር ገጹ ምን እንደሚሆን ማየት ማለት ነው። ይህ እውቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዙ ቡድኖች፣ ካታሊስት የሚሠሩ ቡድኖች፣ ከውሃ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት የሚያጠሩ ቡድኖች ሁሉ የሚፈልጉት ነው። በ2025 ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙባቸው የብረትና የኦርጋኒክ ማዕቀፎች ዋና ሥራቸው በቀዳዳቸው ውስጥ ሞለኪውል መያዝ ነው። ኦማር ያጊ ራሳቸው አማን ውስጥ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ ተወልደው በ15 ዓመታቸው አሜሪካ የገቡ፣ ትምህርታቸውን በማኅበረሰብ ኮሌጅ የጀመሩ ሰው ናቸው። ከእነዚህ ማዕቀፎች አንዱ፣ በ2008 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በዩኒቨርሲቲው ስም ዩአይኦ-66 የተባለው የዚርኮኒየም ማዕቀፍ፣ ፍሎራይድ በመያዝም ተሞክሯል። ልጅቷ በአንድ ጊዜ ከሐዋሳ ጉድጓድ ኦስሎ ደረሰች ማለት ነው።

ፍለጋው በኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ደጅም አይቆምም። የአቀንጭራ ዘር መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀውን የኬሚካል ምልክት ሲያገኝ ነው፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ምልክቱን በጥቂቱ ብቻ የሚለቅ ማሽላ ለማግኘት የሠሩት ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋር ነበር። ጥያቄው የኬሚስትሪ ነው፤ ቤቱ ግን የእርሻ ትምህርት ክፍል ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶሲና ኃይሌም በጠጣር ነገሮች ውስጥ ፕሮቶን እንዴት እንደሚጓዝ የሚያጠኑት በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ክፍል ውስጥ ነው። «ኬሚስትሪ» የሚል ርዕስ ብቻ የሚያይ ተመራቂ በአፈር ሳይንስ፣ በፋርማሲ፣ በምግብ ቴክኖሎጂ፣ በከርሰ ምድር ውሃና በባትሪ ምህንድስና ስም የተሸሸጉ የኬሚስት ቦታዎችን ያልፋቸዋል።

በዚህ ፍለጋ አንድ የሚስማማ የምርምር ጽሑፍ ከተገኘ በኋላ አብዛኛው ሰው መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብቦ ይተወዋል። ቦታ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው አንቀጽ ግን ማጣቀሻዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ያለችው ትንሽ «ምስጋና» ናት። ሥራውን ማን እንደ ከፈለ፣ ብዙ ጊዜም የድጎማው ቁጥር፣ እዚያ ተጽፏል። ቁጥሩ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው። የጀርመን የምርምር ድጎማ ድርጅት ጌፕሪስ የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ኮርዲስ አለው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የድጎማዎቹን ዝርዝር በግልጽ ያወጣል፤ ብሪታንያም እንዲሁ። እነዚህ መዝገቦች ላይ የፕሮጀክቱ ጭብጥና የተሰጠው ለማን እንደሆነ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያልቅ ድጎማ ላይ አዲስ ተማሪ አይቀጠርም። ባለፈው ወር የጀመረ የ5 ዓመት ድጎማ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ምናልባትም ማስታወቂያው ገና አልወጣም።

በተለይ መከታተል የሚገባው የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ ነው። ለ5 ዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ የተሸላሚዎቹ ስምና የፕሮጀክታቸው ርዕስ በይፋ ይወጣል። ገንዘቡን ያገኘ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ የዶክትሬት ተማሪዎችን ይቀጥራል። ዝርዝሩ እንደ ወጣ ቁጭ ብሎ በኬሚስትሪና በማቴሪያል ዘርፍ ያሉትን አንድ በአንድ ማየት የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ያለ ዒላማ ከሚላክ መቶ ኢሜይል ይሻላል። አዲስ የተሾሙ ፕሮፌሰሮችም እንዲሁ ናቸው። ቤተ ሙከራቸው ባዶ ነው፣ ተማሪ ይፈልጋሉ፣ ለተማሪውም ጊዜ አላቸው። ስማቸው ገና አልገነነምና የሚጽፍላቸው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ብጠየቅ፣ በሥራ ከተጠመደ ዝነኛ ሰው ይልቅ በየቀኑ ቤተ ሙከራ የሚገባውን አዲሱን ፕሮፌሰር እመክራለሁ።

ከዚያ ደብዳቤው ይመጣል። ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ብዙ ደብዳቤዎች በዚህ መልክ ይጀምራሉ፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ፣ እኔ ታታሪና ለሳይንስ ጥልቅ ፍቅር ያለኝ ሰው ስሆን በታላቁ ዩኒቨርሲቲዎ የዶክትሬት ዕድል እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።» አክብሮቱ ከልብ ነው፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለማንም ሊላክ ይችላል፤ ተቀባዩም ይህን በአንድ እይታ ያውቃል። ያቺ የሐዋሳ ልጅ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ደብዳቤ ሐሳቡ እንዲህ ቢሆን ግን ይነበባል፦

«ባለፈው ዓመት ባሳተማችሁት ጽሑፍ ላይ ፒኤች ከፍ ሲል ማዕቀፉ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ እንደሚቀንስ አሳይታችኋል። እኔ ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች በቀዳሁት ውሃ ላይ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ስሠራ ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ፤ ባይካርቦኔት በበዛበት ውሃ ላይ መቀነሱ ይብሳል። በእናንተ ማዕቀፍ ላይ ባይካርቦኔት ተሞክሮ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፍሎራይድ የለካሁት በአዮን መራጭ ኤሌክትሮድ ነው፤ የኤክስአርዲ መረጃ ተንትኛለሁ፣ መሣሪያውን ግን ራሴ አላንቀሳቀስኩም። በሚቀጥለው ዓመት የዶክትሬት ቦታ ይኖራችሁ ይሆን? ሲቪዬንና የመመረቂያ ጽሑፌን አያይዣለሁ።»

ደብዳቤው አጭር ነው። ጽሑፉን እንዳነበበች ያሳያል፤ እጇ ምን እንደሚችልና ምን እንዳልነካ ይናገራል፤ ፕሮፌሰሩ ሊመልሰው የሚፈልገው ጥያቄም አለው። «ራሴ አላንቀሳቀስኩም» የሚለውን ብዙዎች ይፈሩታል። መፍራት አይገባም። መሣሪያ ተሰብሮ ወራት በሚቆምበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገ ኬሚስት ያልነካውን ነካሁ ቢል በቃለ መጠይቁ ላይ በሁለት ጥያቄ ይጋለጣል፤ ያለውን በትክክል ከተናገረ ግን በጥቂት ዕቃ ብዙ መሥራቱ ራሱ ብቃት ነው። ዛሬ በማሽን የተጻፉ እንከን የለሽ ደብዳቤዎች የፕሮፌሰሮችን ሣጥን ሞልተዋል፤ ስለዚህ ከራስ ማስታወሻ ደብተር የወጣ አንድ ልኬት የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማስታወሻ መላክ ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ ዝም ከተባለ ወደ ሌላው ማለፍ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤን በሚመለከት መምህሮቻችንን ማገዝ ያስፈልጋል። «ጨዋና ታታሪ ተማሪ ነው» የሚል አራት መስመር ደብዳቤ እዚህ አገር ምስጋና ነው፤ እዚያ ግን አንባቢው «መምህሩ አያውቀውም ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። መምህሩ በክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ አለበትና ሁሉን ማስታወስ አይችልም። ተማሪው በአንድ ገጽ የሠራውን ሙከራ፣ የገጠመውን ችግርና የፈታበትን መንገድ ጽፎ ቢሰጠው ደብዳቤው ሥጋ ይለብሳል። ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አድራሻ ቢላክ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

የወረቀቱ ጉዳይ ለብቻው ጊዜ ይወስዳል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት ይቸግረዋል፤ ቴምፖራሪውን ይዞ ያመለከተ ሰው ተቀባይነት አግኝቶ፣ ውሉ ተልኮለት፣ ሬጅስትራር በር ላይ ሊቆም ይችላል። ማመልከቻ ከመጀመሩ በፊት ዕዳውን መዝጋት፣ ሰነዶቹን ማረጋገጥና ፓስፖርቱን ማደስ ይበጃል። ለእንግሊዝኛ ፈተና ገንዘብ ለሌለው ደግሞ አንድ መንገድ አለ፤ አገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለምታስተምር ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች «የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር» የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ። ለቦታው «ማስያዣ» ወይም «ኮሚሽን» የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ደግሞ እውነተኛ አይደለም። በኬሚስትሪ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ይከፍላል እንጂ ተማሪው ለቦታው አይከፍልም።

ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ብቻ ማየትም አያስፈልግም። ጣልያን ትሪየስቴ ላይ የተቀመጠው፣ በ1987 የተመሠረተው የታዳጊ አገር ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ኢትዮጵያውያን ሴቶች እንደ ደቡብ አፍሪካ ባሉ ሌሎች ታዳጊ አገሮች ዶክትሬት እንዲሠሩ ይከፍላል፤ በአገር ውስጥ ተመዝግቦ የተወሰነ ጊዜ ውጭ እየሄዱ መሥራትንም ይፈቅዳል። ሳዑዲ ዓረቢያ ቱወል ያለው፣ በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲ ለተቀበላቸው የዶክትሬት ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ፣ የኑሮ ገንዘብና ቤት ይሰጣል፤ መሣሪያዎቹ ከየትኛውም የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ አያንሱም። በእስራኤል የቫይስማን ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ክፍያ አይከፍሉም፣ የኑሮ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍልም በስዊድኑ የኡፕሳላ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም እየታገዘ ተማሪዎቹን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ውጭ ቤተ ሙከራዎች ሲልክ ቆይቷል። በ1984 የተመሠረተው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውሁዶች ምርምር መረብ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የተስፋፋ ነው፤ በአገር በቀል መድኃኒት ተክሎች ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ተክሉ፣ ባለ እውቀቱና የቆየው የምርምር ልምድ ያሉት እዚሁ ነው። ይህን እንደ «ሁለተኛ ምርጫ» የሚቆጥሩ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ቃለ መጠይቅ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የማስተርሱን ሥራ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ማቅረብ ነው። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ስላይዱን ቀድሞ መላክና ተጨማሪ የስልክ ቁጥር መስጠት ያዋጣል፤ ይህን ያደረገ አመልካች ጥንቁቅ ሆኖ ይታያል። የሚጠይቁት ያልሠራውን ለማወቅ አይደለም፤ መልሱን ባያውቅ እንዴት እንደሚያስብ ለማየት ነው። «አላውቅም፣ ነገር ግን በዚህ መንገድ እሞክረው ነበር» የሚለው ጥሩ መልስ ነው።

ጠያቂው ሲጨርስ ተራው የአመልካቹ ነው፤ ልጆቻችን እዚህ ጋር ዝም ይላሉ። ቦታውን ላለማጣት መፍራታቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕይወት ነውና መጠየቅ አለባቸው። ፕሮፌሰሩን «ከአሁን ተማሪዎችዎ ጋር ብነጋገር ይቻላል?» ማለት በየትኛውም አገር የተለመደ ነው። ተማሪዎቹን ብቻቸውን አግኝቶ የመጨረሻው ተመራቂ በስንት ዓመት እንደ ጨረሰ፣ ገንዘቡ ከዶክትሬቱ ቀድሞ ቢያልቅ ማን እንደሚከፍል፣ የወጡት አሁን የት እንዳሉ መጠየቅ ነው። በኬሚስትሪ ደግሞ ስለ ቤተ ሙከራው ጥንቃቄም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ማታ ብቻውን የሚሠራ ሰው አለ ወይ? በዲሴምበር 2008 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ23 ዓመት ተመራማሪ አየር ሲነካው የሚነድ ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ እሳት ተነሳ፤ መከላከያ ካፖርት አልለበሰችም ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ስለ ጥንቃቄ ሲጠየቅ የሚሰለች ወይም የሚቆጣ የቡድን መሪ ከገጠመ፣ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢሆን ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ውሉ ሲመጣ ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የኤምባሲ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቀኑ እንዲገፋ በጽሑፍ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ፕሮፌሰሮቹም ይህን ያውቁታል። ጀርመን ላይ ያለ ደመወዝ የሚሄድ ተማሪ በታገደ ሒሳብ 11,904 ዩሮ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ በቂ ደመወዝ ያለው የሥራ ውል የያዘን ሰው ግን ይህ አይመለከተውም፤ ስለዚህ ውሉን ይዞ ቪዛ መጠየቅ ነው። አሜሪካ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ የተቀበሉት ሰው እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ የማሰብ መብት በአብዛኛው አለው። ውሳኔው ቀድሞ ከታወቀ ግን የማይሄድባቸውን በዚያው ቀን ማሳወቅ አለበት፤ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለው ሌላ ተመራቂ፣ ምናልባትም የአገሩ ልጅ፣ የሚጠራው ያ ኢሜይል ሲደርስ ነው።